11 ወር ከሱባሩ ኤስቲአይ ጋር፦ የኋላ ጎማ የለመደ እጅ በአራት ጎማ ድሪፍት ሲፈተን

የ2015 ሥሪት የሆነውን ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይ መንዳት ከጀመርኩ 11 ወር ሞላኝ። ከእሱ በፊት ለ3 ዓመት የያዝኩት በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳው ቶዮታ 86 ነበር፤ ድሪፍትን፣ ማለትም መኪናን ሆን ብሎ በጎን እያንሸራተቱ መንዳትን፣ ሀ ብዬ የቆጠርኩትም በእሱ ነው። በእነዚህ ወራት በደረቅም በዝናብም፣ በወር ሁለት ቀን ያህል፣ ለሌላ ተሽከርካሪ ዝግ በሆነ የመለማመጃ ሜዳ ላይ ስነዳው ከርሜያለሁ። ስለ መቀመጫውና ስለ ሬዲዮው የምለው የለኝም፤ ለሥራቸው ይበቃሉ። ይህን የምጽፈው በኋላ ጎማ መኪና እጁን ያፍታታ ሰው አራቱም ጎማ ወደሚነዳ መኪና ሲሻገር ምን እንደሚጠብቀው ለማሳየት ነው።

86 ቱርቦ የሌለው ባለ 2.0 ሊትርና 200 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሲኖረው፣ የእኔ ኤስቲአይ ሞተር ባለ ቱርቦ፣ 2.5 ሊትርና 305 የፈረስ ጉልበት ነው። ጉልበት ከበዛ መንሸራተቱ ይቀላል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንደለመድኩት ኩርባው መሃል ስደርስ ፍሪሲዮኑን ረግጬ፣ ሞተሩን አስጩኼ፣ በድንገት ለቀቅኩት። በ86 ይህ ሲደረግ የኋላ ጎማዎቹ ድንገተኛውን ጉልበት መሸከም ያቅታቸውና ኋላው ወደ ውጭ ይወጣል። ኤስቲአይ ግን ጉልበቱን ለአራት ጎማ አካፍሎ፣ ሳይንሸራተት ወደ ፊት ተወረወረና ከኩርባው ውጭ ካለው ሣር ላይ አደረሰኝ። ጎማዎቹ መሬቱን ስላልለቀቁ ግፊቱ ያረፈው ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ላይ ነበር፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታም ቤት ድረስ ተከትሎኛል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመኪናው አልነበረም።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ጎማው መመለስ ያስፈልጋል። አንድ ጎማ መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ ውስን ስለሆነ፣ መኪናውን ለመግፋት የዋለው አቅም ለማዞር አይተርፍም። በኋላ ጎማ መኪና ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ የኋላዎቹ ይገፋሉ፣ የፊቶቹ ያዞራሉ። ስለዚህ ኋላው አንዴ ከወጣ በኋላ ነጂው መሪውን ወደ መንሸራተቻው አቅጣጫ መልሶ፣ ነዳጅ በመጨመር የመንሸራተቻውን ማዕዘን ያሰፋል፣ በመቀነስ ያጠብባል፤ ድሪፍቱን የሚያስተካክለው እዚያው እየተንሸራተተ ነው። አራቱም ጎማ ሲነዳ ግን የፊት ጎማዎችም ይጎትታሉ፤ የሚጎትቱትም ፊታቸውን ወዳዞሩበት ነው። እኔ በ86 ልማድ መሪውን በሰፊው ወደ ውጭ መልሼ ነዳጅ ስሰጥ፣ የፊት ጎማዎቹ በታዘዙት መሠረት መኪናውን ከኩርባው ጎትተው ያወጡትና ድሪፍቱ ገና ሳይጀመር ያልቅ ነበር። ከዚህ አመል ለመላቀቅ 3 ወር ፈጅቶብኛል።

መፍትሔው ውሳኔውን ከኩርባው በፊት ማድረግ ሆነ። ስካንዲኔቪያን ፍሊክ የሚባለውን ዘዴ ያዝኩ፤ መሪውን መጀመሪያ ከኩርባው በተቃራኒ አጠር አድርጌ አዞራለሁ፣ ወዲያው እግሬን ከነዳጁ አንሥቼ ወደ ኩርባው እመልሰዋለሁ፤ ከወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ክብደትም ኋላውን ያስወጣዋል። በግራ እግር ፍሬኑን መንካት ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያመጣው ኋላው ይበልጥ ይቀልላል። ነዳጁ የሚመጣው የመኪናው ፊት ከኩርባው መውጫ ትንሽ አልፎ ወደ ውስጥ ሲያይ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ መሪው ወደ ቀጥታ የቀረበ መሆን አለበት። ሲሳካ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ማዕዘኑ ከ86 ያነሰ፣ ፍጥነቱ ግን የበዛ ነው። በደረቅ አስፋልትና በጠባብ ሜዳ ይህን ማድረግ አድካሚ ነው፤ በዝናብና በጠጠር ላይ ግን የሚያስደስተኝ ኤስቲአይ ነው።

ማዕከላዊው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ የተለየ ቃል ይገባዋል። በተለመደው ሁኔታ ጉልበቱን 41 በመቶ ለፊት፣ 59 በመቶ ለኋላ ያካፍላል፤ ነጂውም በማርሹ አጠገብ ባለው ማብሪያ ከነፃ እስከ ተቆለፈ ድረስ ሊመርጥለት ይችላል። ሲቆለፍ መኪናው ኩርባ ውስጥ መግባት ይከብደዋል፤ አንዴ ከተንሸራተተ በኋላ ግን ባሕርዩን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ነፃ ሲሆን መግቢያው ይቀልላል። እኔ ለነፃው ቀረብ ያለውን እመርጣለሁ። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ዲፈረንሻሉ ራሱ ስለሚለቅ የኋላ ጎማዎቹን ለብቻቸው መቆለፍ ይቻላል፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ግን ፍሪሲዮኑን መርገጥ አይቀርም።

የፊቱን ድራይቭ ጨርሶ የማስወገድ ሐሳብም መጥቶልኝ ነበር። በፎርሙላ ድሪፍት ውድድር መኪና የሚፈቀደው በኋላ ጎማ ከተነዳ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የሚገቡ ሱባሩዎች የሚለወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን የፊት ዘንጎችን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ማዕከላዊው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ ጉልበቱ ምንም ወዳልተያያዘበት ወገን ይፈስሳል። በዝናብ የማምነውን መኪና ለዚህ አልሰጥም ብዬ ተውኩት።

ወጪው ላይ ትልቁ ልዩነት ጎማ ነው። 86 የሚበላው የኋላ ሁለቱን ሲሆን፣ ኤስቲአይ አራቱንም ይበላል፤ የፊቶቹም በውጭው ጠርዝ ቶሎ ያልቃሉ። አንድ ጎሚስታ ሁለት አዲስ ብቻ ይበቃል ብሎኝ አስገጠምኩ፤ ከዚያ በኋላ ዲፈረንሻሉን ቆልፌ በቀስታ ስዞር መኪናው ይንገጫገጭ ጀመር። የአዲሱና የአሮጌው ጎማ ዙሪያ ስለሚለያይ ፊቱና ኋላው እኩል አይዞሩም፤ ዛሬ አራቱን በአንድ ጊዜ እገዛለሁ፣ ቦታቸውንም አዘውትሬ አለዋውጣለሁ። ፍሪሲዮኑን በ7ኛው ወር ቀይሬያለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ዕዳ ነው። የዲፈረንሻል ዘይትም ከተለመደው ቀደም ብዬ እለውጣለሁ።

ባለፈው ወር የጓደኛዬን 86 ተውሼ ወደዚያው ሜዳ ገባሁ። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ኋላውን አስወጥቼ፣ አዲሱ ልማዴ እንዳስተማረኝ መሪውን ቀጥ አድርጌ ነዳጅ ሰጠሁ። መኪናው ተሽከርክሮ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ ዞሮ ቆመ።