ቅጽ ማስሞላት ወይስ አጠገብ ማቆም?

ጅማ ውስጥ ባየኋቸው አጥቢያዎች የምእመኑን ጸጋ፣ ማለትም ለአገልግሎት የተሰጠውን ስጦታ፣ ለማውጣት ሁለት መንገድ ይሞከራል።

አንደኛው ቅጽ ነው። «መዘመር፣ ማስተማር፣ ሕፃናትን ማገልገል» ይላል፤ ምልክት አድርገህ ትመልሳለህ። ከዚያ የሁለት ቅዳሜ ስልጠና። ፈጣን ነው። በየዓመቱ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሚገባበት ከተማ ይመቻል።

ሁለተኛው ጀማሪውን ከነባር አገልጋይ አጠገብ ማቆም ነው። እኛ ጋ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ቅጹን ባዶውን መለሰች። ከአምልኮ በኋላ ቡና የሚያፈሉት እናት ግን «ነይ እስቲ ልጄ፣ ስኒ አቀብዪኝ» አሏት። ወር ሳይሞላ እንግዳው ሁሉ እሷ ጋ መቀመጥ ጀመረ። የማንንም ስም አትረሳም። እሑድ ለቀረ ሰው ሰኞ ትደውላለች። የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 ጸጋዎችን ሲዘረዝር ከማስተማር ጎን ምሕረት ማድረግንም ይቆጥራል፤ የእኛ ቅጽ ዘሎታል።

በእርግጥ ይሄኛው ቀርፋፋ ነው። ነባሩ ቦታውን የማይለቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጀማሪው ዓመት ሙሉ ማይክ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል (አይቻለሁ)። ያም ሆኖ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ቅጹ ለድምፅና ለካሜራ ክፍል ይሁን፤ እዚያ ማን ምን እንደሚችል ቶሎ ማወቅ የግድ ነው።