ስንዴን ለማዳቀል፦ በወረንጦ፣ በማሽከርከር ወይስ በማቀራረብ?

ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ፣ ከሦስቱ የማዳቀያ ዘዴዎች የትኛውም ቢመረጥ በመጀመሪያ እናት የምትሆነው ዛላ ከወንዴ አካሏ መጽዳት አለባት። በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ ያሉት ሦስት የብናኝ (የወንዴ ዱቄት) ከረጢቶች ገና አረንጓዴ ሳሉ በወረንጦ ይለቀማሉ፤ ቢጫ ሆነው ከተገኙ ግን ዛላዋን መተው ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዱ ብቻ ቢፈነዳ የተገኘው ዘር ከእናቲቱ ከራሷ የመጣ ሊሆን ይችላል። በጀት ላጠረው ሰው ቅድሚያ የምሰጠው ግዢ ስለዚህ ጫፉ ቀጭንና በትክክል የሚገጥም ወረንጦ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ቀን በኋላ፣ ብናኝ ተቀባዩ ጫፍ እንደ ላባ ሲዘረጋ ነው። በወረንጦ የሚያዳቅል ሰው ከአባቱ የበሰለ ከረጢት እያነሣ በየአበባው ውስጥ ያራግፋል። ይህ ዘዴ አድካሚና ቀርፋፋ ቢሆንም ብናኝ አያባክንም፤ የአባቱ ዛላ ጥቂት ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

በማሽከርከር ዘዴ የአባቱ ዛላ ቅርፊቶች በመቀስ ይከረከማሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቢጫዎቹ ከረጢቶች ወደ ውጭ ይንጠለጠላሉ፣ ያን ጊዜ ዛላው ተዘቅዝቆ ቀድማ በተከረከመችውና ሌላ ብናኝ እንዳይደርስባት በተሸፈነችው እናት ሽፋን አናት በኩል ይገባና በጣት ይሽከረከራል። የስንዴ ብናኝ ሜዳ ላይ በሕይወት ብዙ ስለማይቆይ የአባቱ መደብ ቅርብ መሆን አለበት፤ ደመናማና ቀዝቃዛ ጠዋትም ሥራውን ያዘገየዋል። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ዘር በአጭር ጊዜ ለሚፈልግ አዳቃይ ምርጫዬ ይኸው ነው። በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ በስፋት ይዘራ የነበረው ዲጋሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ፣ ግንዱን በሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ፣ ሲመታ እንደታየው፣ በሽታው አዲስ ዝርያ እስኪደርስ አይጠብቅም።

በማቀራረብ ዘዴ የተቆረጡት የአባት ዛላዎች ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይቆማሉ፤ ከእናቲቱ ከፍ ብለው በአንድ ሽፋን ሥር ለጥቂት ቀናት ይቆያሉ። የእጅ ሥራው ያንሳል፤ የአባት ዛላ ግን በብዛት ይፈልጋል።

ለሽፋን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የሰም ወረቀት ይገዛ፤ ርካሹ ፕላስቲክ በውስጡ ስለሚያልብ ዛላውን ያሻግታል።