ስምንት ቅዳሜ በአረንጓዴው ግድግዳ ፊት፦ ስለ አንድ የአየር ትንበያ አቀራረብ ስልጠና

በሜትሮሎጂ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ትንበያ ክፍል ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ካርታ አነባለሁ፣ የሳተላይት ምስል እከታተላለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ የነገውን መግለጫ እጽፋለሁ። መግለጫውን በቴሌቪዥን የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ነው። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ስሰማ፣ ቀስ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ሲሮጥ፣ ማስረገጥ የነበረበትን ሲያልፈው ሆዴ ይቃጠላል። ዘንድሮ ራሴ መቆም እንዳለብኝ ወሰንኩ። 12,500 ብር ከፍዬ አንድ የግል የሚዲያ ማሰልጠኛ የሚሰጠውን የስምንት ቅዳሜ የአየር ትንበያ አቀራረብ ስልጠና ወሰድኩ። የማነሳቸው ጉድለቶች ሌሎች ቦታዎችም እንዳሉ የወሰዱ ጓደኞቼ ስለነገሩኝ የቤቱን ስም ትቼ ነገሩን ብቻ እጽፋለሁ። ወደዚህ ሙያ መግባት ለምትፈልጉ፣ በተለይ ትምህርቱን ጨርሳችሁ ካሜራ ለምትፈሩ፣ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣውን ልናገር፤ አረንጓዴው ግድግዳ ነው። ተመልካቹ ከኋላችን የሚያየው ካርታ እኛ ቆመን ያለንበት ክፍል ውስጥ የለም። ያለው አረንጓዴ የተቀባ ባዶ ግድግዳ ነው፤ ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ቀለም እየለየ ያወጣና በምትኩ ካርታውን ያስገባል። አቅራቢው የት እንደሚጠቁም የሚያውቀው በግራና በቀኝ ከተቀመጡት ስክሪኖች ነው። ይሄን በወረቀት ለዓመታት ማንበብ ይቻላል። ሰውነት የሚለምደው ግን ቆሞ ብቻ ነው። መስታወት ፊት ግራ እጃችንን ስናነሳ ምስላችንም በዚያው በኩል ያነሳል፤ ስክሪኑ ላይ ግን በተቃራኒው በኩል ነው። የመጀመሪያ ቀን አፌ "ጋምቤላ" ሲል እጄ ጅግጅጋ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ሳላስብ እጄ መተከል ላይ ማረፍ ጀመረ። ይህ ብቻውን ለእኔ የከፈልኩትን ግማሽ ያህል ያዋጣል።

ልብስ ላይ የሰጡት ምክርም ጥሩ ነው። አንዷ ሰልጣኝ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ግድግዳው ፊት ስትቆም ጥለቱ ጠፍቶ፣ ከአንገቷ እስከ እግሯ በጥለቱ መስመር ካርታው ይታይ ጀመር። በበዓል ቀን የሀገር ልብስ ለብሶ የሚቀርብ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከአረንጓዴ ውጭ ያለ ጥለት መምረጥ ይበቃል።

ሁለተኛው መልካም ነገር የድምፅ አሰልጣኙ ናቸው። ሬዲዮ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸው ነበር። ሌላ ቦታ ያልሰማሁትን አስተማሩኝ፤ በጽሑፋችን ላይ የማይታየውን መጥበቅና መላላት። "ገና" ሲላላ እስካሁን ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። "በገና ሰሞን ውርጭ ይጠበቃል" እና "ውርጩ ገና አልቀነሰም" ተከታትለው ሲመጡ አንባቢው ሁለቱን አንድ አድርጎ ካነበበ ሰሚው ይደናገራል። ጋሼ ጽሑፉ ላይ በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ሁለት ነጥብ እንድናደርግ አዘዙን። አሁን መሥሪያ ቤት የምጽፈውን መግለጫ ሁሉ እንደዚያ ምልክት አድርጌ ነው የምሰጠው፤ አንባቢዎቹም ወደውታል።

ከዚያ የቦታ ስም። የእኛ ሀገር የአየር መግለጫ ግማሹ የቦታ ስም ነው፦ ኢሉ አባቦር፣ ቡኖ በደሌ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ኮንታ፣ ኑዌር፣ አኝዋ። እነዚህ በየቋንቋቸው የራሳቸው አጠራር አላቸው። ጋሼ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለዚህ ሰጡ። እያንዳንዳችን ከየአካባቢው የመጣ ሰው ፈልገን፣ ስሙን አስጠርተን፣ በስልክ ቀድተን እንድንመጣ አደረጉ። የአንድን ሰው ቀዬ አበላሽቶ ጠርቶ "ነገ ጎርፍ ስላለ ተጠንቀቅ" ማለት አይሆንም። ያ ሰው ማስጠንቀቂያው ለእሱ የተነገረ አይመስለውም።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ልምጣ። ስልጠናው አየሩን ራሱን አያስተምርም። ማስታወቂያው "የሜትሮሎጂ መሠረታዊ ዕውቀትን ጨምሮ" ይላል፤ የተሰጠን ግን የአንድ ሰዓት ከሩብ ንግግር ነው። ለልምምድ የሚነበበውን ጽሑፍ ሰልጣኙ ከስልኩ የአየር መተግበሪያ ላይ እየገለበጠ ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። በስልካችን የምናየው የደመናና የጠብታ ምስል በአብዛኛው ከዓለም አቀፍ ሞዴሎች፣ አየሩን በኮምፒዩተር ከሚያሰሉ ፕሮግራሞች፣ የሚመጣ ነው። የአውሮፓው ሞዴል ጎናቸው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአሜሪካው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው ምድርን የሚያያት፤ በአንድ ካሬ ውስጥ ያለውን ተራራና ሜዳ አንድ ያደርገዋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ፤ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እንጦጦ ላይ ዶፍ ሲወርድ አቃቂ ፀሐይ ሲሞቁ ስንት ጊዜ አይተናል! ያንን ልዩነት ተራራውን የሚያውቅ ትንበያ ባለሙያ እንጂ ስልኩ አይነግራችሁም።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። አንዱ ሰልጣኝ መተግበሪያው በእንግሊዝኛ "6" ብሎ ያሳየውን የምሽት ሰዓት "ከምሽቱ 6 ሰዓት" ብሎ አነበበ። በእኛ አቆጣጠር ያ 12 ሰዓት ነው። ሰው ከሥራ ወደ ቤት በሚገባበት ሰዓት የሚመጣውን ዝናብ እኩለ ሌሊት ላይ አደረገው፤ የስድስት ሰዓት ስህተት ነው። አሰልጣኙ ስለ ፀጉሩ አስተያየት ሰጥተው አለፉ። በእኛ ሥራ የሰዓት ጉዳይ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የሜትሮሎጂ ሰዓት ዜሮ ሲል በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ 6 ሲል ጠዋት 3 ሰዓት፤ 12 ሲል ከቀኑ 9። ይህን በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን መቀየር የማይችል ሰው አየር ላይ መውጣት የለበትም።

ወቅቶቹንም አንድ ዓይነት አድርገው ነው የሚያስተምሩት፦ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ትንሽ ዝናብ፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ዋናው ዝናብ። ይህ ለአዲስ አበባና ለመሐል ሀገር ደጋ እውነት ነው። ለቦረናና ለኮንሶ ግን አይደለም። እዚያ ዋናው ዝናብ በልግ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እኛ በጋ በምንለው መጀመሪያ ላይ ይመጣል። አንድ አቅራቢ በጥቅምት ወር ፊቱን ወደ ካሜራ አዙሮ "የበጋው ደረቅ ወቅት ገብቷል" ሲል፣ ዝናቡን አንጋጦ የሚጠብቅ የቦረና አርብቶ አደር ምን እንዲል ነው?

ከሁሉ ያስከፋኝ ፈገግታው ነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስለ ሜካፕ፣ ስለ አቋምና ስለ ፈገግታ ተነገረን። መጨረሻ ላይ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ አነበብኩ፤ መሬት ሊንሸራተት እንደሚችል የሚናገር። "ፊትሽ ከበደ፣ ፈገግ በይ፣ ተመልካች ይሸሻል" ተባልኩ። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተንሸራተተው መሬት ሰዎችን ቀብሮ፣ ሊያወጧቸው የሮጡትንም ደግሞ ቀበረ። ያንን ያየ ሰው ማስጠንቀቂያን ፈገግ ብሎ አያነብም። እንቢ አልኩ፣ ረጋ ባለ ፊት አነበብኩት፣ አሰልጣኙም አልከራከሩኝም። ግን ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ፈገግ እያሉ አነበቡት።

እውነተኛው ችግር ግን ስልጠናው ያልነካው፣ እኔም 6 ዓመት ሙሉ ያልተሳካልኝ ጉዳይ ነው፤ የራሳችን የባለሙያዎቹ ቋንቋ። "ለዝናብ መኖር አመቺ ሁኔታ የሚፈጥሩ የሜትሮሎጂ ገጽታዎች እየተጠናከሩ ይሄዳሉ" ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ለእኛ ትርጉም አለው፤ ከየትኛው ባሕር እርጥበት እየገባ እንደሆነ፣ የዝናብ መቀነቱ የት እንደደረሰ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠቃልላል። እናቴ ግን በርበሬ ነጋዴ ናት። ጠዋት ደውላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ልጄ፣ በርበሬዬን ላስጣ ወይስ ይቆይ?" እኔም "ጠዋት አስጪው፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ግን አንሺው" እላታለሁ። ይህ ሙሉ የአየር ትንበያ ነው። ጊዜ አለው፣ ቦታ አለው፣ የሚደረግ ነገር አለው። በመግለጫዬ ግን እንደዚህ ጽፌ አላውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1954 ጆርጅ ካውሊንግ የተባለ የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ካርታ ፊት ቆመ፤ በዚያ ጣቢያ ፊቱን አሳይቶ ትንበያ ያቀረበ የመጀመሪያው ሰው ነው። ነገ ነፋስ ስለሚኖር ልብስ አጥቦ ለማስጣት ጥሩ ቀን ነው ማለቱ እስካሁን ይነሳል። የእናቴ በርበሬ እና የእሱ ልብስ አንድ ናቸው። ያ ሰው የትንበያ ባለሙያ መሆኑን ደግሞ ልብ በሉልኝ። አሜሪካም የሜትሮሎጂ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትንበያ ለሚያቀርቡ ሜትሮሎጂስቶች የሚሰጠው ማረጋገጫ የሜትሮሎጂ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ፈተና አለው፣ አየር ላይ የቀረበ ሥራም ይገመገማል።

በወቅት ትንበያ ላይ በጣም የከበደኝ ቃል "ከመደበኛ በላይ" ነው። ሰው ሲሰማው ጎርፍ ይታየዋል። ለእኛ ግን የ30 ዓመት መዝገብ ነው፤ የአንድን ቦታ የወቅት ዝናብ ከደረቁ እስከ እርጥቡ ደርድረን ሦስት እኩል ቦታ እንከፍለዋለን፣ የላይኛው ሲሶ ነው "ከመደበኛ በላይ"። ለአፋር ቆላ ከመደበኛ በላይ የሆነው ዝናብ ለሚበዛባት ለጎሬ ድርቅ ነው። በዚያ ላይ ዕድል ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ለላይኛው 45፣ ለመሐሉ 35፣ ለታችኛው 20 በመቶ ስንሰጥ፣ ከመቶ 55 እጁ "ላይሆን ይችላል" እያልን ነው። በስልጠናው የመጨረሻ ቅዳሜ ይህን በ90 ሰከንድ በተራ አማርኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፦ "እንደዚህ ያለ ክረምት አሥር ጊዜ ቢመጣ፣ አራት አምስት ጊዜ ያህል ለአካባቢያችሁ ከለመዳችሁት የበዛ ዝናብ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ያህል ግን ያንሳል፤ ስለዚህ ቦዩንም ጥረጉ፣ ቶሎ የሚደርሰውንም ዘር አትርሱ።" ጋሼ እንድደግመው ጠየቁኝ። አብረውኝ ከነበሩት አንዱ የገበሬ ልጅ "ይሄን አባቴ ይረዳዋል" አለኝ።

አየሩን ለማወቅ የፈለገ ግን ወደዚህ ስልጠና አይሂድ። የአሜሪካው ኮሜት (COMET) የሜትሮሎጂ ስልጠና ፕሮግራም ሜትኤድ (MetEd) በሚባለው የኢንተርኔት ገጹ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትምህርቶችን ያቀርባል። ስለ ሳተላይት ምስል፣ ስለ ሐሩር አካባቢ ዝናብ፣ ስለ ጎርፍ፤ በየትምህርቱ መጨረሻ ፈተና አለው፣ ያለፈ የምስክር ወረቀት ያትማል። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ ዳታ ግን ይበላል፤ እኔ ሌሊት ነው የማወርደው። የምሥራቅ አፍሪካን የወቅት ትንበያ ለመከታተል ናይሮቢ አቅራቢያ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ኢክፓክ (ICPAC) የሚያወጣውን ማንበብ ነው። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ደግሞ ከመርካቶ አራት ሜትር የማያብረቀርቅ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ሁለት አምፖል፣ እና ኦቢኤስ (OBS) የሚባለው ነፃ የቪዲዮ ፕሮግራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ጨርቁ እንዳይጨማደድ ወጥሩት፤ ከጨርቁም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፣ አለበለዚያ ጥላችሁ ካርታውን ይበላዋል።

ሥራ አገኘሁ ወይ? አንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል፣ ያለ ክፍያ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለት ቦታ የሁለት ደቂቃ ናሙና አስገብቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው። አንዱ ቦታ "ሜትሮሎጂስት ምን ያደርግልናል፣ ጽሑፉ ይላክልናል፣ እኛ አንባቢ አለን" ብለውኛል። መልሴን ናሙናው ውስጥ አስገባሁት፤ ጽሑፍ ሳልይዝ፣ የዚያን ቀን የሳተላይት ምስል ብቻ ከኋላዬ አድርጌ፣ ደመናው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ተናገርኩ። መሐል ላይ ምስሉ ቢቀየር የሚናገረው የማያጣው አየሩን እንደዚያ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ለሜትሮሎጂ ምሩቅ ይህን ስልጠና እመክራለሁ፤ ጋሼ እስካሉ ድረስ። አየሩን ለማያውቅ ጋዜጠኛ አልመክርም፤ በድፍረት የተሳሳተ ነገር እንዲናገር ያደርገዋል። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ክፍያውን በሁለት ጊዜ ይቀበላሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ካሜራውን እንጂ የካርታውን ኮምፒዩተር አያነሳም፤ በዚህ ሁለት ቅዳሜ ተቃጥሎብናል፣ ማካካሻም አልሰጡንም። ከመክፈላችሁ በፊት አረንጓዴው ግድግዳ ፊት ለየሰው ስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ጠይቁ። እኛ 11 ነበርን፤ በስምንት ቅዳሜ ለእኔ የደረሰኝ 70 ደቂቃ ያህል ነው።