ጂምፕ 3፦ ባክግራውንዱን ሳያጠፉ ዝም ማሰኘት

ለሰው ፎቶ ባክግራውንድ (ከሰውየው ኋላ ለሚታየው ነገር) ማስተካከያ ጂምፕ የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የማስቀድመው በነፃ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። እርግጥ እሱም ቀላል አይደለም፤ ፎቶሾፕ በየወሩ በውጭ ካርድ ይከፈልበታል፣ ያ ካርድ እዚህ አገር ስንቱ እጅ አለ? እኔ የወደድኩት ግን ጠርዝ ላይ ያለውን ጥንቃቄ ነው።

ሰሞኑን የሠራሁት የአንዲት እናት ፎቶ ነው። ሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ያረፈው ብርሃን ግሩም ነው። ከትከሻቸው ኋላ ግን ቢጫ ጄሪካን አለ፤ ከሻሻቸው በላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ያልፋል። ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጄሪካኑ ነው።

በአንድ ንክኪ ባክግራውንድ የሚያጠፉት የስልክ አፖች ነጠላ ላይ ይሸነፋሉ። ጨርቁ ስስ ነው፣ የኋላው ግድግዳ በውስጡ ይታያል። አፑ የተቋጨውን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ አለዚያም የድሮውን ግድግዳ ጨርቁ ውስጥ ትቶ ከኋላ መናፈሻ ይለጥፋል። እኚህን እናት ደግሞ ከግቢያቸው ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?

ጂምፕ ላይ «ፎርግራውንድ ሴሌክት» የሚባል የፊቱን ከኋላው ለይቶ የሚመርጥ መሣሪያ አለ። ሰውን በግምት ትከባላችሁ፣ ውስጡን በብራሽ ትቀባላችሁ፣ ጠርዙን ራሱ ይለያል። ፎቶውን በሁለት ሌየር (ንብርብር) ደርቤ፣ የላይኛው ላይ ምርጫውን ሌየር ማስክ (ከእናቲቱ ሌላ ያለውን የሚሸሽግ መከለያ) አደረግኩና በታችኛው ላይ ቀለም በሚስተካከልበት «ሂዩ ሳቹሬሽን» ውስጥ ቢጫን ብቻ ቀነስኩ። ማስኩ ባይኖር የቀሚሳቸው ጥበብ ላይ ያለው ቢጫም አብሮ ይሞት ነበር። ገመዱን «ሂል» የተባለው እንከን ማጥፊያ መሣሪያ አነሣልኝ።

ብለር (ማደብዘዣ) ላይ ልብ በሉ። ፎቶውን እንዳለ ካደበዘዛችሁት የነጠላው ነጭ ወደ ኋላ ይፈስና በዙሪያቸው ጭጋግ ይሠራል። መጀመሪያ የታችኛው ሌየር ላይ ሰውን በ«ክሎን» ግድግዳ እየቀዳችሁ ሸፍኑት፣ ከዚያ አደብዝዙ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 3.0 ብለሩ ሌየሩ ላይ እንደ ፊልተር ይቀመጣል፤ ፋይሉን በጂምፕ በራሱ የፋይል ዓይነት፣ በኤክስሲኤፍ (XCF) ካስቀመጣችሁት ነገም ከፍታችሁ መጠኑን መቀነስ ትችላላችሁ። ደንበኛ «ኋላው ትንሽ ይጥራልኝ» ሲል ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሠራበት ያውቀዋል።

ጉድለቱ ፍጥነት ነው። ትልቅ ፎቶ ላይ «ፎርግራውንድ ሴሌክት» ያዘግማል፤ ፎቶሾፕ በአንድ ጠቅታ ሰውን የሚመርጥበት ዓይነት መሣሪያም አብሮት አይመጣም። በምረቃ ሰሞን ተማሪ ለሚሰለፍበት ስቱዲዮ አልመክረውም። ትልቅ ሆኖ ታትሞ ሳሎን ለሚሰቀል አንድ ፎቶ ግን ሌላ አልከፍትም።