ድሬዎች፣ ይሄን ፊዚዮቴራፒስት እወቁልኝ

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ስኳሩ የቆየ ስለሆነ የእግሩን ነርቭ ጎድቶታል። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ እንኳ አይታወቀውም። ቀን መሬት መሬቱን እያየ ይራመዳል፤ ማታ መብራት ከጠፋ ግን ግድግዳ ካልያዘ ይንገዳገዳል።

እኛ ሰፈር ፊዚዮ ሲባል ማሸት ነው የሚመስለን። አባዬም ቅባቱን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጅ ቅባቱን ወደ ጎን አደረገና «አባባ፣ እስቲ ሳይደገፉ ከወንበር ይነሱ» አለው።

ቁርጡን የነገረን በመጀመሪያው ቀን ነው። ነርቩ እንደ ድሮው ይሆናል ብሎ ቃል አልገባም። ስኳሩ ካልተስተካከለ ጉዳቱ እንደሚቀጥልም ተናገረ። ጡንቻና ሚዛን ግን በልምምድ ይሻሻላሉ አለን። ተስፋ የሚሸጥ በሞላበት አገር ይሄን ወደድኩለት።

ሥራው እግሩ የማይነግረውን ዓይኑ፣ የውስጥ ጆሮውና ጡንቻው እንዲሸፍኑለት ማለማመድ ነው። ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት። የምንጣፍ ጫፍ እንዳይጠልፈው የእግር ጣቶችን ወደ ላይ መሳብ። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ። ጠንከር ሲል ደግሞ በሴራሚኩ መስመር ላይ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያስነካ መራመድ። ልጁ ከኋላው ይቆማል። አይነካውም፤ እጆቹ ግን ከወገቡ አይርቁም።

በድሬ ሙቀት ከረፋድ በኋላ ማን ይሠራል? ጠዋት በብርዱ በባጃጅ ከች ይላል። ብርድ ካልነው ማለቴ ነው። ሳይጀምር ካልሲ አስወልቆ የእግሩን ሥር ያያል፣ ጠጠር እንዳይኖር ጫማውን ያራግፋል። ስሜት ያጣ እግር በጋለ አስፋልት ቢቃጠልም ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ በባዶ እግር ደጅ መውጣት ክልክል ሆነ። «አቦ፣ ድሬ ላይ ደግሞ ካልሲ!» ብሎ አባዬ ተሟግቶ ነበር። ተሸነፈ።

አሁንም ጣቱን ብትነኩት አያውቅም። ግን ከዚራ ሰፈር ጥላ ጥላውን ይዞ ብቻውን ጓደኞቹ ጋ ቡና ይሄዳል። እናቴ ልጁን መርቃ አልጠገበችም። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ።

ተጋድሞ መታሸት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። የቤት ሥራ ይሰጣል፣ ካልተሠራ ፊቱ ይጠቁራል። እግሩ ላይ ቁስል ያለበትን ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይልከዋል።

ስሙን እዚህ እንድጽፍ አልፈቀደም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ሳቢያን ሰፈር ድረስም ይሄዳል። ጠዋት ሥራ ላይ ስለሆነ አያነሳም፤ ከሰዓት ደውሉለት።