ፍሪአይፒኤ እና ኤስኤስኤስዲ በጎጃም መስመር ላይ፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

ፍሪአይፒኤ የብዙ ሊኑክስ ማሽኖችን ተጠቃሚዎችና ፓስወርዶች ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። አወቃቀሩ ይህ ነው። ዋናው ሰርቨር ባሕር ዳር፣ ሪፕሊካው (የዋናው ቅጂ) ደብረ ማርቆስ ይገኛሉ። በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) የሚገባባቸው የኡቡንቱ 22.04 ማሽኖች ደግሞ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣና ብቸና ይገኛሉ። ሁለቱ ሰርቨሮች ሮኪ ሊኑክስ 9 የተጫነባቸው ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት ራም አላቸው፤ ለዚህ መጠን ይበቃል፣ ይተርፋልም። የፈቃድ ክፍያ የለም።

ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ ያህል፦ ሶፍትዌሩ ራሱ ብዙም አያስቸግርም። «ፓስወርዴን አልቀበል አለኝ» የሚል ስልክ ሲደወል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሰዓት፣ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው አገልግሎት) ወይም ካሽ (በየማሽኑ የሚቀመጠው የመረጃ ቅጂ) ላይ ነው። ሦስቱም መብራትና መስመር በተቆራረጠ ቁጥር ይብሳሉ።

ፍሪአይፒኤ አንድ ፕሮግራም አይደለም። የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር የሚይዝ ማውጫ (389 ዳይሬክቶሪ ሰርቨር)፣ ፓስወርድ አይቶ ቲኬት (ጊዜያዊ የማንነት ማስረጃ) የሚሰጥ ከርበሮስ፣ ሰርተፊኬት የሚያወጣ ዶግታግ እና ከተፈለገ ባይንድ ዲኤንኤስ በአንድ ጥቅል ታስረው ነው። በየማሽኑ የሚቀመጠው ወኪል ኤስኤስኤስዲ ይባላል። ይህን መለየት ያስፈለገው አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስለዚህ ምርመራው በቅደም ተከተል መሄድ አለበት። መጀመሪያ በችግረኛው ማሽን ላይ «አይዲ» ከተጠቃሚው ስም ጋር ይታዘዝ። ቁጥሩና ቡድኖቹ ከወጡ ማሽኑ ሰውየውን ያውቀዋል። ቀጥሎ «ኬ-ኢኒት» በዚያው ስም ይሞከር፤ ፓስወርድ ተቀብሎ ዝም ካለ ከርበሮስ ደህና ነው። ሁለቱም አልፈው ኤስኤስኤች ብቻ እንቢ ካለ፣ የቀረው የፓም (በሊኑክስ መግቢያን የሚፈትሸው ክፍል) አደረጃጀት ወይም የመግቢያ ፈቃድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «አይዲ» ከካሽም ስለሚመልስ የሱ መሳካት ሰርቨሩ መገኘቱን አያረጋግጥም።

ከዚህ የሚያጥር መንገድ ግን ሎጉ (ማሽኑ የሆነውን የሚጽፍበት ፋይል) ውስጥ ያለችው ቁጥር ናት። በኡቡንቱ «ኦዝ ሎግ»፣ በሮኪ «ሴኪዩር» የሚባለው ፋይል ይከፈትና «ፓም_ኤስኤስኤስ» የሚል መስመር ይፈለግ፤ ለተጠቃሚው የተሰጠው መልስ በቁጥር ተጽፏል። 10 ከሆነ ማሽኑ ሰውየውን አያውቀውም፤ ስሙ ተሳስቷል ወይም ኤስኤስኤስዲ ማውጫውን አላገኘም። 7 የፓስወርድ ስህተት ነው። 9 ሰርቨሩ አልተገኘም፣ በካሽም የተቀመጠ ፓስወርድ የለም ማለት ነው። 12 ፓስወርዱ ጊዜው አልፎበታል፤ አስተዳዳሪ የሰጠው ፓስወርድ ፍሪአይፒኤ ላይ ገና ከመነሻው ጊዜው እንዳለፈ ስለሚቆጠር፣ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኑ ይህን ቢያይ አያስደንቅም። 6 ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ የመግቢያ ደንቡ የከለከለው ነው። 4 (የሥርዓቱ የውስጥ ስህተት) ሲመጣ ብቻ ነው ጠለቅ ማለት የሚያስፈልገው፦ በኤስኤስኤስዲ ኮንፊግ ላይ የዲበግ ደረጃውን ወደ 9 ከፍ አድርጎ፣ አገልግሎቱን እንደገና አስነስቶ፣ የከርበሮስ ቻይልድ ሎጉን ማንበብ። ሲጨርሱ ወደነበረበት መመለስ እንዳይረሳ፤ ደረጃ 9 ዲስክ ይሞላል።

ሰዓት የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። ከርበሮስ በማሽኑና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ይፈልጋል፤ ይህ የተለመደው ወሰን ነው። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ማየት መንስኤውን ይናገራል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ አንድ ደግ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ማሽኑ 10:00 ሲል አይቶ «ተሳስቷል» ብሎ በእጁ 4:00 አድርጎታል። 3 ሰዓት ከሆነ ማሽኑ ላይ ዊንዶውስም አብሮ ተጭኗል፤ ዊንዶውስ በቦርዱ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊኑክስ ያንኑ እንደ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ያነበዋል። 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ ዓመተ ምሕረት በእኛው አቆጣጠር ገብቷል፤ ያኔ ሰርተፊኬቱም «ገና አልጀመረም» ተብሎ ስለሚጣል ከርበሮስ ብቻ ሳይሆን በሰርተፊኬት የሚሠራው ግንኙነትም ይዘጋል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ማሽን ደግሞ የቦርድ ባትሪው አልቋል። ሲአር2032 የምትባለው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት፤ ትቀየር። የሰዓት ክልሉ ብቻ ቢሳሳት ግን ከርበሮስ በዩቲሲ ስለሚሠራ ግድ የለውም። ለሰው ዓይን ስህተት የሚመስለው ለማሽኑ ትክክል፣ ለሰው ትክክል የሚመስለው ለማሽኑ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ክሮኒ የተባለው ሰዓት አስተካካይ በብዙ ሥርዓቶች ላይ በሚመጣበት አደረጃጀት ሰዓቱን በአንዴ የሚያዘልለው በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይስበዋል፤ ፍጥነቱ ቢበዛ በየ12 ሰከንዱ 1 ሰከንድ ስለሆነ በእጅ የተዛባ 6 ሰዓት ለማካካስ 3 ቀን ይፈጃል። መጠበቅ አያስፈልግም፤ «ክሮኒሲ ሜክስቴፕ» ወዲያው ያስተካክላል። በይነመረብ ለቀናት ሊጠፋ በሚችልበት አካባቢ የባሕር ዳሩ ሰርቨር ለሌሎቹ ሰዓት እንዲሰጥ ማድረግ ያዋጣል፦ በክሮኒ ኮንፊግ ላይ «አላው» የሚለው መስመር ከቅርንጫፎቹ አድራሻ ጋር፣ እንዲሁም የውጭ ምንጭ ሲጠፋም የራሱን ሰዓት እንዲያድል የሚያደርገው «ሎካል ስትራተም 10»። ለከርበሮስ ሁሉም አብረው በጥቂት ቢሳሳቱ አንዱ ብቻውን ትክክል ከሚሆን ይሻላል።

ዲኤንኤስ ላይ ያለው ነገር አጭር ነው። ማሽኑ ሰርቨሩን የሚያገኘው በኤስአርቪ መዝገብ (አገልግሎቱ የት እንዳለ በሚጠቁም የዲኤንኤስ መስመር) ነው፤ ራውተሩ 8.8.8.8ን (የጉግልን የውጭ ዲኤንኤስ) ሲሰጠው የውስጡን ስም ከየት ያምጣ? ኤስኤስኤስዲ ሰርቨር አጣሁ ብሎ ኦፍላይን ይገባል። የቅርንጫፉ ራውተር ሁለቱን ሰርቨሮች ብቻ በዲኤንኤስነት እንዲያድል ይደረግ፤ ሦስተኛ «ለመጠባበቂያ» ተብሎ የውጭ አድራሻ መጨመር አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራ፣ ማለትም ከሁሉም የከፋውን ችግር ይወልዳል። ፋየርዎሉ ላይ ለደንበኞቹ (ለቅርንጫፍ ማሽኖቹ) ክፍት መሆን ያለባቸው ፖርቶች 88 እና 464 በቲሲፒም በዩዲፒም፣ 389፣ 636፣ 80፣ 443፣ 53 እና ለሰዓት ዩዲፒ 123 ናቸው።

ካሹ ለጎጃም መስመር የዚህ ምርት ዋና ጥቅም ነው፤ ዋና ማታለያውም እሱ ነው። ሞጣ ላይ መስመር ሲቋረጥ ቀደም ብሎ በዚያው ማሽን የገባ ሰው በነባር ፓስወርዱ ይገባል፤ ሥራ አይቆምም። ነገር ግን በዚያ ማሽን አንድም ቀን ገብቶ የማያውቅ ሰው አይገባም፤ ስለዚህ ወደ ቅርንጫፍ የሚላክ ባለሙያ መስመር ባለበት ሰዓት አንድ ጊዜ መግባቱ ግድ ነው። ሌላው ገጽታው ደስ አይልም፦ ባሕር ዳር ላይ የተቀየረ ፓስወርድ መስመሩ እስኪመለስ ሞጣ አይደርስም፣ አሮጌው ይሠራል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው አካውንትም እንዲሁ። መነሻው ላይ «ኦፍላይን ክሬደንሻልስ ኤክስፓይሬሽን» 0 ነው፤ ይህም ዜሮ ቀን ሳይሆን «ገደብ የለውም» ማለት ነው። በፓም ክፍል ውስጥ 7 ማድረግ ለእኛ አገር መስመር መካከለኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ 1 ቢደረግ የክረምት መብረቅ አንድ ማማ በመታ ቁጥር ቢሮው ይዘጋል።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከአንድ የተለመደ ምክር ነው። «ካሹን አጽዳ» ሲባል ብዙ ሰው የኤስኤስኤስዲን የዳታቤዝ ፋይሎች ይሰርዛል። ያ የተቀመጡትን ፓስወርዶችም አብሮ ያጠፋል። መስመር በሌለበት ከተደረገ ማንም አይገባም፤ ጥገናው ራሱ አደጋ ሆነ። ትክክለኛው «ኤስኤስኤስ_ካሽ» ከትልቁ «ኢ» ጋር ነው፤ መዝገቡን «እንደገና ይጠየቅ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ አያጠፋውም። ካልታዘዘም መዝገቡ በ5,400 ሰከንድ በራሱ ያረጃል፤ «ቡድን ጨመርኩት፣ አልታየም» ለሚል ቅሬታ አንድ ሰዓት ተኩል መጠበቅም መልስ ነው።

በስም አወጣጥ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ፍሪአይፒኤ የተጠቃሚ ስም ካልተሰጠው የመጀመሪያውን ፊደልና «የመጨረሻ ስም» አጣብቆ ያወጣል። የአባት ስም በሚገባበት አገር አለሙ ከበደም አስቴር ከበደም «አከበደ» ሊሆኑ ነው፤ ማንም ሰው ደግሞ በአባቱ ስም አይታወቅም። የራስ ስም፣ ነጥብ፣ የአባት ስም ተብሎ ከመጀመሪያው በእጅ ይሰጥ። በኋላ መቀየር የቤት ፎልደሩን ጣጣ ያመጣል።

ተደጋጋሚ የፓስወርድ ስህተት መዘጋትን ያስከትላል፦ በመነሻው ደንብ 6 ጊዜ የሳተ ሰው 600 ሰከንድ ይቆለፋል። በኤስኤስኤች ቁልፍ የሚገባ ሰው ይህ አይነካውም፤ ፓስወርዱ ማለቁንም ሳያውቅ ይከርማል፣ የከርበሮስ ቲኬትም አያገኝም። ገብቶ «የቤት ፎልደር አልተገኘም» ከተባለ ደግሞ ደንበኛው ሲጫን ፎልደር የመፍጠሩ አማራጭ አልተመረጠም፤ በኡቡንቱ «ፓም-ኦዝ-አፕዴት» ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ሰርቨሩ ድንገት መብራት ጠፍቶበት ሲነሳ ማውጫው ያልተስተካከለ አዘጋግ እንደነበር በሎጉ ጽፎ ዳታቤዙን ይጠግናል። ከርበሮስ መረጃውን ከማውጫው ስለሚያነብ ማውጫው ካልተነሳ እሱም አይነሳም፤ «አይፒኤሲቲኤል ስታተስ» የቱ እንደቀረ ያሳያል። የአገልግሎቶቹ ሰርተፊኬት 2 ዓመት ይቆያል፣ ሰርትሞንገር የተባለው ፕሮግራም ራሱ ያድሰዋል፤ ነገር ግን በማደሻው ወቅት ተዘግቶ የከረመ ሰርቨር ሳይታደስ ያልፈዋል። በሪፕሊካነት የተቀመጠ ማሽን «ለክፉ ቀን» ተብሎ ጠፍቶ አይቀመጥ።

ማሽናቸው ከ5 ለማይበልጥ ቢሮዎች ይህ ሁሉ አይመከርም፤ የኤስኤስኤች ቁልፍ በየማሽኑ ማስቀመጥ ይበቃቸዋል። የሚተክል ሰው ግን በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ከማውጫው ውጭ የሆነ አንድ የአደጋ ጊዜ አካውንት በቁልፍ ያስቀምጥ፤ ቁልፉም ባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ በፍላሽ ይኑር።