የለንደኑ ደብዳቤና የደብረ ብርሃኑ ዲሽ፦ ለቲቪ በግዴታ መክፈል ያዋጣል?

የእህቴ ልጅ ለንደን ነው የምትኖረው። ባለፈው ኅዳር የደብዳቤ ፎቶ ላከችልኝና ወዲያው ደወለች።

«ጋሼ፣ ቲቪ የምታዪ ከሆነ ክፈይ ይለኛል። እኔ ደግሞ ቲቪ የለኝም። ምን ላድርግ?»

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ የለንደን የቲቪ አማካሪ ሆንኩላችሁ። በዚያው ሳምንት የመብራት ሒሳብ ስከፍል ያቺ የተለመደች የቲቪ 10 ብር አብራ መጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያማረኝ ያኔ ነው።

በእንግሊዙ ልጀምር። ክፍያው «የቲቪ ፈቃድ» ይባላል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ተመን በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር። በቀን ሲካፈል 48 ፔኒ ገደማ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ ቲቪ ላለው ሰው 58.50 ፓውንድ ነበር። አዎ፣ ዛሬም የጥቁርና ነጭ ተመን አለ። የእኛ ሰፈር ሰው ቢሰማ አሮጌውን ቲቪ ከቆጥ ያወርደው ነበር።

ፓውንዱን ወደ ብር መትቶ መደንገጥ ብዙም አይረባም። በሥራ ሰዓት ብንለካው ይሻላል። በዚያው ዓመት 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12.21 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ የዓመቱ ክፍያ የ14 ሰዓት ሥራ ገደማ ነው። ሁለት ቀን ማለት ይቻላል። የሚገድል አይደለም፤ ግን እንዲሁ የሚጣልም ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። የእንግሊዝ ሕግ «ቲቪ አለሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «በቀጥታ የሚተላለፍ ፕሮግራም ታያለሽ ወይ?» ነው የሚለው። በስልክም ይሁን በላፕቶፕ፣ የየትኛውም ቻናል ይሁን። አይፕሌየር የሚባለውን፣ ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን በኢንተርኔት የሚያሳይበትን ማየትም ያስከፍላል። ተቀርጾ የተቀመጠ የኔትፍሊክስ ፊልም ወይም የዩቲዩብ ቪዲዮ ብቻ የሚያይ ሰው ግን አይከፍልም። አያስፈልገኝም ብሎ ያስታውቃል፣ አለቀ።

«እንግዲያው አልከፍልም» አለች ደስ ብሏት። «እኔ ዩቲዩብ ብቻ ነው የማየው።»

«የገና ዋዜማን ከላሊበላ በምን ነበር ያየሽው?» አልኳት።

ዝም አለች። ባለፈው ዓመት የአገራችንን ቻናል በዩቲዩብ በቀጥታ ከፍታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እየተደዋወለች ነበር ያየችው። ቻናሉ የኢትዮጵያ ቢሆንም በቀጥታ እስከታየ ድረስ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ሲያይ የተገኘ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ክፍያ ትልቁ ችግር የሚታየኝ። የሚከፈለው በቤት እንጂ በሰው አይደለም። አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን የምትኖረው የእህቴ ልጅና ስድስት ሰው ያለበት ቤት እኩል ነው የሚከፍሉት። ይባስ ብሎ ክፍሏን በራሷ ውል ስለተከራየች የጎረቤቷ ፈቃድ እሷን አይሸፍናትም። ቤቱን በአንድ የጋራ ውል ቢከራዩት ኖሮ አንድ ፈቃድ ለሁሉም ይበቃ ነበር።

ይሄን ከእኛ ግቢ ጋር አስተያዩት። ግቢያችን ውስጥ አራት ተከራይ አለ። አራቱም ቲቪ አላቸው። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የቲቪው 10 ብር የሚመጣው በቆጣሪው ስለሆነ አምስት ቲቪ በ10 ብር ይታያል ማለት ነው። ለአንድ ቤት ሁለት ብር! ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ በሁለት ብር ምን ይገዛል? ሻይም በ10 ብር የምታገኙበት ቤት ካለ ንገሩኝ።

በመብራት ሒሳብ መሰብሰብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጣልያኖች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ክፍያውን በአሥር ወር ከፋፍለው ከመብራት ጋር ይወስዳሉ። መብራት ያለው ሁሉ ቲቪ አለው ተብሎ ይታሰባል። የሌለው ሰው የለኝም ብሎ የማስታወቅ ዕዳው የራሱ ነው። ጀርመኖች ከዚህም ይብሳሉ። በወር 18.36 ዩሮ፣ ቲቪ ኖረም አልኖረም፣ በየመኖሪያ ቤቱ። ፈረንሳዮች ደግሞ በዓመት 138 ዩሮ ሲያስከፍሉ ቆይተው በ2022 ጨርሰው ተዉት።

በቆጣሪ መሰብሰብ ለሰብሳቢው ገነት ነው። ደብዳቤ የለ፣ በር የሚያንኳኳ የለ። ቆጣሪ ግን ዕውር ነው። ማን እንደሚያይና ማን እንደማያይ አያውቅም። መንዝ ያሉት አክስቴ የመብራት ሒሳብ የሚባል ነገር አያውቁም። ጣሪያቸው ላይ ሶላር አለ፤ ትንሿ ቲቪያቸው በባትሪ ነው የምትሠራው። ማታ ዜና ሲደርስ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። መደቡ ሞልቶ ልጆቹ መሬት ላይ ይደረደራሉ። በሰው ቁጥር ብንሄድ ከእኔ ቤት የበለጠ ቲቪ የሚታየው እሳቸው ጋ ነው። የሚከፍሉት ግን ምንም። እኔ በበኩሌ ይሄ አይከፋኝም።

ገንዘቡ ምን ያስገኛል ካላችሁ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ሰፊ ነው። ቢቢሲ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ማስታወቂያ አያሳይም። የአገር ውስጥ ሬዲዮዎቹም የሚሠሩት በዚሁ ገንዘብ ነው። ሬዲዮ ለመስማት ደግሞ ፈቃድ መክፈል ከ1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። ለውጭ አገር ሰው የሚያሰራጨው ክፍሉ፣ የወርልድ ሰርቪስም አብዛኛው ወጪ ከዚሁ ይሸፈናል፣ መንግሥትም ይጨምርበታል። ቢቢሲ አማርኛ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በዚያው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ብትከፍል ከገንዘቧ ጥቂት ሳንቲም ዞራ ዞራ በአማርኛ ዜና ሆና እኔ ስልክ ላይ ትመጣለች። ይሄን ስነግራት «አንተማ ክፈይ ማለትህ አይቀርም» ብላ ሳቀችብኝ።

እኛ ግን 10 ብሩንም ከፍለን ማስታወቂያውንም እናያለን። ድራማው ልብ ሲሰቅል ሳሙና ይገባል። ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጮህም። ከፍ ይበል ከተባለ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ማስታወቂያው ይቀነስ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዲሹ እንምጣ። ብዙዎቻችን ቲቪ የምናየው በሱ ነውና። ዲሽና ሪሲቨር አንዴ ይገዛሉ፣ ከዚያ በኋላ ነፃ ነው ይባላል። በከተማችን ጣሪያ ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለ። አንደኛው ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። እሱ የኢትዮሳት ነው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ሌላው ወደ ፀሐይ መግቢያ ያዘነበለው የናይልሳት ነው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ለአገር ውስጥ ቻናል የመጀመሪያው ይበቃችኋል። ሁለቱንም ያስተከለ ጎረቤት አለኝ፤ ያቺን አንዷን ቻናል ሲያገላብጥ ነው የማየው።

ነፃ የሚሉት ነገር ግን የደብረ ብርሃንን ንፋስ አያውቅም። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ንፋሱ ሲነሳ ዲሹ ቅንጣት ታህል ይዞራል፣ ሥዕሉ ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ እኔ ቆርቆሮ ላይ እወጣለሁ፣ ልጄ በር ላይ ይቆማል፣ እናቱ ቲቪው ፊት ትቀመጣለች።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ መጣ! ኧረ ሄደ!»

ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ብሎኑን ስይዘው ይሸሸኛል። በመጨረሻ ዲሽ ሠሪ እጠራለሁ። ባለፈው ዓመት ሁለቴ ጠርቻለሁ። የከፈልኩት ከዓመቱ የቲቪ 120 ብር በብዙ ይበልጣል። ምክሬን የምትሰሙ ከሆነ ለዲሹ ብር ከመቆጠብ ለማቆሚያው ብረት ጨምሩ። በሲሚንቶ ይተከል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያላችሁ ይሄን አታውቁትም፤ ዕድለኞች ናችሁ።

ሦስተኛው አማራጭ እንደ ዲኤስቲቪ ያለው ወርሃዊ ነው። ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። ግን አንድ የማደንቅለት ነገር አለ፤ እምቢ ማለት ይቻላል። ጓደኛዬ የኳስ ሰው ነው። የእንግሊዝ ሊግ ነሐሴ ላይ ሲጀምር ይከፍላል። ግንቦት ላይ ሲያልቅ ይተወዋል። ክረምቱን በነፃው ዲሽ ይከርማል። የእኛ የግዴታ ክፍያ ይሄን ዓይነት ነፃነት የለውም፤ የለንደኑንም መተው የሚቻለው በቀጥታ የሚተላለፈውንና አይፕሌየርን ጨርሶ ማየት ከተተወ ብቻ ነው። በወር አንድ ጨዋታ ብቻ የምታዩ ከሆነ ግን ኳስ ማያ ቤት ሂዱ፣ ጩኸቱም ይጨመርላችኋል።

እንግዲህ እኔ የምለካው እንዲህ ነው። ያንን ቻናል ቤታችሁ ውስጥ በሳምንት ስንት ሰው ስንት ሰዓት ያየዋል? ለንደን ውስጥ ልጆች ያሉበት፣ ማታ ማታ ቲቪ የማይዘጋ ቤት ከሆነ የቀኑ ሒሳብ ርካሽ ነው፤ ክፈሉ። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆነ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ እንደሚያገኙ ጠይቁ። ካገኙ ፈቃዱ በነፃ ነው። ብቻውን የሚኖርና በስልኩ የተቀረጸ ብቻ የሚያይ ሰው ባይከፍል ይሻለዋል፤ ግን ከልቡ በቀጥታ የማያይ ከሆነ ነው። እዚህ እኛ ጋ 10 ብሩ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ትልቁ ወጪያችሁ ያለው ጣሪያው ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ አያስፈልገኝም ብላ አስታወቀች። በገና ዋዜማ ማታ ግን አላስቻለኝም፣ ደወልኩላት።

«እየታየ እኮ ነው» አልኳት። «ካህናቱ ወጡ።»

«ጋሼ በእናትህ፣ ነገ ጠዋት ነው የማየው። እንዳትነግረኝ!»